ቀዳዳ የሚደፍን ሌባ

የመኪናዋ ፊት ባዶ ነበር።

ኑሪ ከጁምዓ ሶላት ተመልሶ የጋራዡን በር ሲከፍት በመጀመሪያ ያየው ይህንን ነው። ጠዋት በገዛ እጁ አስሮት የሄደው፣ ከአንዱ መብራት እስከ ሌላው የሚደርሰው ብርማ ዕቃ የለም። በቦታው ከኋላ የነበረው ጥቁር ራዲያተር ብቻ ቀርቷል።

ዓርብ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል። ውጪ የመናኸሪያ ባጃጆች ይንጫጫሉ።

ለምሳው የገዛውን ዳቦ እንደያዘ ከመኪናዋ ፊት ተንበረከከ። እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ። የሆነ ነገር ዳሰሰ። ከዚያ ቦታ ለረጅም ጊዜ አልተነሣም።

የመኪናዋ ባለቤት ሔኖክ ስምንት ሰዓት ላይ ሲደርስ ኑሪን ግድግዳ ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጦ አገኘው።

«ምን ሆነሃል?»

«ተሰርቋል።»

«ምኑ?»

«ኢንተርኩለሩ።»

ሔኖክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመካኒካል ምህንድስና መምህር ነው። ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ሰው አይደለም፤ አሁንም አላደረገም። ስልኩን አወጣና ፖሊስ ጠራ።

መቼም መናኸሪያ ሰፈር የሌባ እጥረት የለበትም። ስፖኪዮ ይፈታል፣ ባትሪ ይነሣል፣ የቆመ ጎማ ሳይቀር ይሄዳል። ኢንተርኩለር የሰረቀ ግን ሐዋሳ ከተቆረቆረች አልተሰማም። ምን እንደሆነ የሚያውቀው ሰው ራሱ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ሌባ ደግሞ የማያውቀውን አይሰርቅም።

ኢንስፔክተር ዓይናለም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰች። አሥራ ስድስት ዓመት በወንጀል ምርመራ ላይ የቆየች፣ መኪና መንዳት የማትችል፣ ሥራ በብስክሌት የምትገባ ሴት ናት። ቀድሟት የመጣው ኮንስታብል ብሩክ ደብተሩን ከፍቶ ይጠብቃል።

«የጠፋው ምንድን ነው?»

«ራዲያተር ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ ብሩክ።

«ራዲያተር አይደለም» አሉ ኑሪና ሔኖክ እኩል።

ዓይናለም ሁለቱንም አየቻቸው። «እንግዲያው አስረዱኝ። የማላውቀውን ዕቃ ምን ብዬ ልፈልገው?»

ኑሪ ተነሣ። እስካሁን ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ስለ ሞተር ሲጠየቅ ግን ትንሽ ደም መለሰ።

«ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል፣ ኢንስፔክተር። ይህች ትንሽ ናት፤ አንድ ሺህ ሲሲ ብትሆን ነው። ግን ቱርቦ አላት። ቱርቦ በራሷ ጭስ የሚሽከረከር ማራገቢያ ማለት ነው፤ አየሩን ጨምቆ ጨምቆ ያጎርሳታል። አየር ሲጨመቅ ይግላል። የጋለ አየር ደግሞ ስስ ነው፤ አያጠግባትም። ስለዚህ ሞተር ሳይገባ መቀዝቀዝ አለበት።»

«የሚያቀዘቅዘው ነው የጠፋው።»

«እሱ ነው። ፋብሪካው የሰጣት ደብተር የምታክል ነበረች፤ ያውም ሞተሩ አናት ላይ የተቀመጠች። ምድጃ ላይ ተቀምጦ እንደ ማራገብ በሉት። እኛ አምስት እጥፍ የሚሆን አስመጥተን ፊቷ ላይ ሰቀልንላት። ነፋሱ ቀጥታ የሚመታት ቦታ ላይ።»

«ውሃ አለው?»

«ጠብታ የለውም። በሆዱ አየር፣ በውጪው አየር። አየር በአየር ይቀዘቅዛል።»

ዓይናለም ጎንበስ ብላ ተመለከተች። ፓራውልቱ ወልቆ ጎን ላይ ተጋድሟል። ከጀርባው ያለው ፕላስቲክ በመስመር የተቆረጠ ይመስላል፤ ጫፉ እንኳ አልተሸረፈም። ዕቃውን የሚሸከሙት ሁለት ብረቶች በእጅ ታጥፈው የተሠሩ ናቸው፤ ግን ከፋብሪካው ብረት አይለዩም። ከቱርቦው የሚመጣው ቧንቧ በመብራቱ ሥር ሾልኮ፣ ራዲያተሩን አልፎ፣ ምንም ሳይነካ ወደ ፊት ይወጣል። ጣቷን በቧንቧውና በራዲያተሩ መካከል አስገባች። ልክ አንድ ጣት። በሌላኛው ወገን ሞከረች። ያው አንድ ጣት።

«በምን ለካኸው?»

«በጣቴ።»

ዓይናለም የሰው ሥራ ብዙ አይታለች፤ አብዛኛው የተሰበረ፣ የተቆረጠ፣ የተቃጠለ ነው። በጠባብ ጉሮሮ ውስጥ እንዲህ ተጠንቅቆ መንገድ ያበጀ እጅ ግን አላየችም። ደነቃት። ይህን የሠራ ሰው ሥራውን ራሱ ያፈርሰዋል ብሎ ማሰብ ከበዳት። ቢሆንም ፖሊስ ናት።

«በሩን ማን ይከፍታል?»

«እኔ።»

«ሌላ ቁልፍ ያለው?»

«የለም።»

«ቁልፉ ተሰብሯል?»

«አልተሰበረም።»

«ሶላት ስትሄድ ስንት ሰዓት ነበር?»

«ስድስት ተኩል።»

ሔኖክ ጣልቃ ገባ። «ኢንስፔክተር፣ እኔ ሰው መበደል አልፈልግም። ግን ነገሩ ግልጽ ነው። በሩ አልተሰበረም፤ ቁልፍ ያለው እሱ ብቻ ነው። ከነሐሴ ጀምሮ የጠበቅኩትን ዕቃ አምኜ ነው የሰጠሁት። ለእሑዱ የመኪና ውድድር ተመዝግቤያለሁ። እስከ ማታ ካልተገኘ በእምነት ማጉደል እከሰዋለሁ።»

ኑሪ ምንም አልመለሰም። የመካኒክ ሀብቱ ስሙ ነው። ሰው የመኪናውን ቁልፍ ጥሎለት የሚሄደው ስሙን አምኖ ነው። «ኑሪ የደንበኛ ዕቃ ሸጠ» ከተባለ ነገ ጠዋት ያ በር ባይከፈትም ለውጥ የለውም። ይህን ኑሪ ያውቃል፤ ሔኖክም ያውቃል። ለዚህ ነው ዝምታው ዓይናለምን የቆረቆራት። ንጹሕ ሰው እንዲህ ሲባል ይምላል፣ ይገዘታል፣ ወንድሙን ይጠራል። ይሄኛው ጫማውን ያያል።

ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ሁለት ነገር አየች።

አንደኛ፣ የተፈቱት ብሎኖች በቆርቆሮ ክዳን ላይ በተርታ ተቀምጠዋል፤ መጀመሪያ የተፈታው ከፊት፣ የመጨረሻው ከኋላ።

ሁለተኛ፣ ክፍት የቀሩት ሁለት የቧንቧ አፎች ተደፍነዋል። በቢጫ ፌስታል ተጠቅልለው በፕላስተር ታስረዋል።

«ይህን ማን ደፈነው?»

ኑሪ ዐይኑን ከቧንቧው አነሣ። «እንዲህ ሆኖ ነው ያገኘሁት።»

«ለምን ይደፈናል?»

«አቧራ እንዳይገባ። አንዲት ጠጠር ሞተር ውስጥ ከገባች አለቀላት።»

«ታዲያ ሌባ ለሞተር ያዝናል እንዴ?»

ኑሪ አሁንም ጫማውን አየ። ብሩክ ሳቀ። ዓይናለም አልሳቀችም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እዚህ የቧንቧውም የሰውየውም አፍ ተደፍኗል።

ዙሪያዋን ቃኘች። በሥራ ጠረጴዛው ላይ፣ በግሪስና በብረት ፍቅፋቂ መሐል፣ ሦስት ዳቦ ራቁቱን ተቀምጧል።

«የማን ዳቦ ነው?»

«የኔ። ምሳዬ ነበር።»

እኛ አገር ዳቦ መሬት ቢወድቅ አንሥቶ የሚስም ሰው ነው ያለው። ግሪስ ላይ ማንም አያስቀምጥም፤ የያዘበትን ፌስታል በድንገት ለሌላ ነገር ካልፈለገው በቀር። ዓይናለም ሁለቱን ቢጫ ፌስታሎች ጎን ለጎን አስተያየቻቸው። አንዱ ከሌላው የተቀደደ ነው። ለሁለት እንደ ተቀደደ ወረቀት ገጠሙ።

ስለዚህ ቧንቧውን በፌስታል የደፈነው ሌባው አይደለም። ከሶላት የተመለሰው ኑሪ ነው። ክፍት ሆኖ ቢያገኘው ኖሮ ባልዋሸ፤ ሌባው ደፍኖ የሄደው በሌላ ነገር ነበር፤ ኑሪ ያንን አውልቆ ደበቀ።

ፕላስተሩን ላጠች። ከቧንቧው ከንፈር ላይ አንድ ቀላ ያለ፣ የቀለለ ቅራፊ ተጣብቋል። እንጨት አይደለም፤ ጨርቅም አይደለም። በወረቀት ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው። ለኑሪ ምንም አላለችውም።

«ብሩክ፣ ቁራሌው፣ ብየዳ ቤቱ፣ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴው አንድም አይቅርህ። ዕቃውን ፈልግ።»

«ራዲያተር የሚመስለውን ነገር ማለት ነው?»

«እሱን።»

እሷ ራሷ መንገዱን ተሻግራ የዮሐንስ መለዋወጫ ሱቅ ገባች። ሔኖክ እንደነገራት ዮሐንስ ዕቃውን አይቶ «ሽጥልኝ» ብሎ ነበር። ገና «ፖሊስ ነኝ» ከማለቷ ሰውየው ላብ አጠመቀው።

«ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል የት ነበርክ?»

«እዚሁ።»

«ከኑሪ ጋራዥ አንድ ዕቃ ጠፍቷል።»

«ኢንተርኩለሩ?» ዮሐንስ በረጅሙ ተነፈሰ። «እሱን ልገዛው ፈልጌ ነበር፤ አልክድም። ኋላ ግን አሰብኩት። ለማን ልሸጠው? በሐዋሳ ለዚያ ዕቃ የምትሆን አንዲት መኪና ናት፤ እሷም ያቺው ናት።»

«ታዲያ ምን እንዲህ አላበህ?»

«ሙቀቱ።»

ዓይናለም ከባንኮኒው ጀርባ ያለውን ጆንያ በእግሯ ነካ አደረገችው። ተንኳኳ። ከፈተችው። አሥራ አንድ ስፖኪዮ፤ ከአሥራ አንድ መኪና። ዮሐንስ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

የስፖኪዮው ሌባ ተገኘ። የኢንተርኩለሩ ግን የለም።

አሥር ሰዓት ላይ ብሩክ በፈረስ ጋሪ መጣ። ጋሪው ላይ ሰባት ራዲያተር ተከምሯል፤ የአይሱዙ፣ የሚኒባስ፣ አንዱ እንዲያውም የትራክተር። ብሩክ ከክምሩ ላይ ተቀምጦ እየተዝናና ነው።

«በመናኸሪያ ያለ አንድም አልቀረኝ» አለ ደረቱን ነፍቶ።

ሔኖክ ጭንቅላቱን ያዘ። «ከነዚህ አንዱም አይደለም። ራዲያተር አይደለም ብለናል እኮ!»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። ዓይናለም ልትቆጣው አፏን ስትከፍት ከሥር ያለው ራዲያተር ዐይኗን ያዘው። የውሃ መግቢያ አፉ ተደፍኗል። የደፈነው በብስክሌት ከመነዳሪ ጎማ የተጠቀለለ የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው።

ነቀለችው። በግድ ነው የወጣላት፤ እንደ ጠርሙስ ቡሽ ጠብቆ የገባ። ኪሷ ውስጥ ያለውን ቅራፊ አወጣችና አጠገቡ ያዘችው። ቀላ ያለ፣ የቀለለ። አንድ ነው።

«ይህኛውን ከየት አመጣኸው?»

«ከጋሽ ገብረጻድቅ ራዲያተር ቤት በረንዳ። ቤቱ ዝግ ነው፤ ጎረቤታቸው ነው የሰጠኝ። የቀድሞ ሰው ናቸው። አሁን ብዙም ሥራ የላቸውም።»

ዓይናለም ወደ ኑሪ ሄደች። ቆረቆንዳውን መዳፏ ላይ አድርጋ ዘረጋችለት።

«የቱታህን ኪስ አውጣ።»

ኑሪ አልተንቀሳቀሰም።

«እኔ እንዳወጣው ታደርገኛለህ?»

ቀስ ብሎ እጁን ሰደደ። ሁለት ቆረቆንዳዎች ወጡ። ሁለቱም በከመነዳሪ የተጠቀለሉ፣ ሁለቱም የቧንቧው አፍ ልክ።

ሔኖክ ዐይኑን ማመን አቃተው። «ማን እንደወሰደው ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እኔ ልከስህ ስል? ስምህ ሲጠፋ?»

«አዎ።»

«ለምን?» አለች ዓይናለም።

ኑሪ ቆረቆንዳዎቹን ከእጅ ወደ እጅ አገላበጣቸው። «ጋሼ ናቸው ያስተማሩኝ። ከወራቤ ስመጣ ብሎን ከዳዶ የማልለይ ነበርኩ። ይህ ግቢ የሳቸው ነበር፤ ዐይናቸው ሲደክም ለኔ ለቀቁልኝ። ረቡዕ ዕለት ዕቃውን በር ላይ ይዤ ለሰፈሩ ሁሉ ሳሳይ እሳቸውም መጡ። አየት አደረጉና ‹ውሃ አጠጣው› አሉኝ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። ‹ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎ ዘመን ራዲያተር አይደለም፤ ውሃ አይጠጣም› አልኳቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ።»

«እና?»

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ ኢንስፔክተር። ዛሬ ይህን ቆረቆንዳ ሳይ ገባኝ። በሚገባኝ ቦታ ነው የመቱኝ። እኔ ወሰድኩት ብለው ይጻፉ። ዕቃውን ሠርቼ እተካለሁ። እሳቸውን በዚህ ዕድሜያቸው ጣቢያ አያስገቡብኝ።»

ዓይናለም ብዙ ጊዜ ሰው ጥፋቱን በሌላ ሰው ሲያላክክ ሰምታለች፤ የሥራዋ ግማሽ እሱ ነው። የሌላውን ጥፋት ለራሱ የሚለምን ሰው ፊት ግን ምን እንደሚባል አላወቀችም። ደብተሯን ዘጋች።

«ቤታቸው የት ነው?»

«ቡሹሎ» አለ ኑሪ በዝግታ።

በፖሊስ ፒክአፕ ሄዱ። ብሩክ ይነዳል፤ ከፊት ዓይናለም፣ ከኋላ ኑሪና ሔኖክ። ሁለቱ በየፊናቸው በመስኮት ያያሉ። አስፋልቱ አልቆ የበቆሎ እርሻው ጀመረ። በግራ በኩል ሐይቁ በዛፎቹ መሐል ብቅ ጥልቅ ይላል።

ጋሽ ገብረጻድቅ ግቢያቸው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሰባ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ጆሮአቸው ትልልቅ የሆነ ሽማግሌ ናቸው። ከፊታቸው ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል ውሃ ሞልቶ ቆሟል። ከበርሜሉ አጠገብ፣ በንጹሕ ሰሌን ላይ፣ ኢንተርኩለሩ አፉን ወደ ታች ደፍቶ ያንጠባጥባል። የማታ ፀሐይ ያበራዋል። አልተደበቀም፤ እንዲያውም ከመንገድ ይታያል።

ሽማግሌው ኑሪን ሲያዩ አልደነገጡም። ቆጣ አሉ።

«ምነው እስካሁን? ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ስጠብቅህ! ቆረቆንዳውን አላየኸውም?»

«አየሁት፣ ጋሼ።»

«ታዲያ?»

ዓይናለም ጠየቀች። «አባ፣ ቆረቆንዳው ምን ማለት ነው?»

«በኛ ሥራ፣ ልጄ፣ ራዲያተር ከመኪና ላይ ስናወርድ የቀረውን አፍ በቆረቆንዳ እንደፍነዋለን። ‹ሥራ ላይ ነው፤ እመልሰዋለሁ፤ ሞተር እንዳታስነሡ› ማለት ነው። ደረሰኝ በሉት። ሌባ ቀዳዳ ይከፍታል እንጂ ይደፍናል እንዴ? ይህን እሱ ያውቃል። ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

ኑሪ ዐይኑን ጨፈነ። ያውቅ ነበር። ቆረቆንዳው የማን እንደሆነ ሲያይ ምን እንደሚል ማንበብ ረሳ። ጥፋተኛ ሰው የሚያየው የራሱን ጥፋት ነው።

«ሳይነግሩት ለምን ወሰዱት?» አለች ዓይናለም።

«ረቡዕ ነግሬው ነበር። አልሰማኝም። ዛሬ ደግሜ ልነግረው መጣሁ፤ ሶላት ሄዷል። ከሶላት ሰው አይጠራም። መኪናዋን ሳያት ፓራውልቱ ብቻ ነው የቀራት፤ ከሰዓት ልትወጣ ነው። ስልክ አልይዝም። ቁልፉ እንደሆነ ያን በር የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ አንደኛውን ቁልፍ ይመልሱ ብሎኝ አያውቅም። ሱቄ ወስጄ እንዳላጥበው መናኸሪያ ውሃ ከጠፋ ሦስት ቀኑ። በባጃጅ ይዤው መጣሁ።»

«ለምን ይታጠባል?» አለ ሔኖክ።

ሽማግሌው ከበርጩማቸው ሥር የታጠፈ ነጭ ጨርቅ አወጡ። ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት።

ጨርቁ መሐል አንድ ጭብጥ የማይሞላ ብረት ያብለጨልጫል። ድቃቂ የአልሙኒየም ፍርፋሪ፤ አንዳንዱ እንደ መርፌ የሾለ።

«ከዚህ ሆድ የወጣ ነው። ስድስት ጊዜ በሳሙና አጥቤዋለሁ። በመጨረሻው ጠራ።»

ሔኖክ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካው። የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፤ ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። ፊቱ ነጣ። «እሑድ በሙሉ ጉልበት ስረግጣት ይህ ሁሉ ወደ ሞተሩ ይሳብ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ሞተሩ ነክሶ ይደርቃል። በመቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ፍጥነት።»

«ከየት መጣ?» አለች ዓይናለም።

«ከኔ» አለ ኑሪ። «አንገቱ አልገጥም ሲለኝ በግራይንደር ቆርጬ አዙሬ በየድኩት። ፍርፋሪው ወደ ውስጥ ገብቷል። በኮምፕሬሰር ነፋሁት፤ ጠራ ብዬ ነበር።»

«ነፋስ ደረቁን ያወጣል» አሉ ሽማግሌው። «ዘይት የያዘውን አያወጣም። እሱ ውሃ ይፈልጋል። አንተ እንዳልከው ነው፤ አይጠጣም። ይታጠባል።»

«ግን ውስጡ አይታይም» አለች ዓይናለም። «እርስዎ እንዴት አወቁ?»

«ሰማሁት። ለሰዉ ሲያሳይ ገለበጠው፤ ሆዱ ውስጥ የሆነ ነገር ሽሽ አለ።»

«በዚያ ሁሉ የባጃጅ ጩኸት?»

«አርባ አራት ዓመት የራዲያተር ሆድ ሳዳምጥ ነው የኖርኩት፣ ልጄ። ዐይኔ ደከመ እንጂ ጆሮዬ የኔው ነው።»

ዓይናለም ጆሮአቸውን አየች። መርፌ የሚያክል ብረት በብረት ውስጥ ሲንሸራተት፣ ከመናኸሪያ ጫጫታ መሐል፣ አንድ ሰው ሰማው። እሷ ቆማ ቢሆን ኖሮ የምትሰማው ሳቁን ብቻ ነበር። ሰውነቷን አንዳች ነገር ወረራት፤ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ የሚሰማት ዓይነት።

«ብየዳህ ግን» አሉ ሽማግሌው ወደ ኑሪ ዞረው፣ «ውሃ ሞልቼ ያሳደርኩት ያህል አቆየሁት። አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም። አልሙኒየም እንዲህ ሲበየድ በዕድሜዬ አላየሁም። ሳገላብጠው ነው የዋልኩት።»

ኑሪ ከፊታቸው ቁጢጥ አለ። «ጋሼ፣ ረቡዕ ስለሳቅንብዎት ይቅር ይበሉኝ።»

«መቼ ሳቃችሁ?»

«‹ውሃ አጠጣው› ሲሉኝ። አንገትዎን ደፍተው ሄዱ።»

«ስቃችሁ ኖሯል እንዴ?» ሽማግሌው ለማስታወስ ሞከሩ። «እኔ ድምፁ ምን ይሆን እያልኩ ነበር።»

ያን ጊዜ ነው ጋሽ ገብረጻድቅ የዓይናለምን የደንብ ልብስ ልብ ብለው ያዩት። ከዚያ በሩ ላይ የቆመውን ፒክአፕ። ከዚያ ብሩክን።

«እነዚህ ለምን መጡ?»

ኑሪ አንገቱን ደፋ።

«ተሰረቀ ብለህ ነው?»

ዝም።

«ቆረቆንዳዬን አይተህ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እኔ ሰረቅኩህ ብለህ?»

«ተቀይመውኝ መስሎኝ ነው።» ኑሪ ሁለቱን ቆረቆንዳዎች ከኪሱ አውጥቶ ሰሌኑ ላይ አኖራቸው። «እንዳይያዙ ደበቅኳቸው። እኔ ወሰድኩት ልል ነበር።»

ሽማግሌው ቆረቆንዳዎቹን አዩ። ሌባ ናቸው ብሎ ያሰባቸውና ሌባ ናቸው ብሎም አሳልፎ ያልሰጣቸው ሰው ያው አንድ ሰው ነው። የትኛውን ይያዙ? ዓይናለም በፊታቸው ላይ ቅያሜ ሲመጣና ሲሄድ አየች።

ሔኖክ ጉሮሮውን ጠረገ። «ኢንስፔክተር፣ አቤቱታዬን አንሥቻለሁ። ይቅርታ፣ ኑሪ። ይቅርታ፣ አባቴ።»

«እንደዚያ ነው» አለች ዓይናለም። «ለራሱ ሊያስቀር ያልወሰደ ሰው ሌባ አይባልም። ግን መዝገብ ተከፍቷል። ለመዝጋት ቃል መቀበል አለብኝ።»

በርጩማ አመጡላት። ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች።

«ሙሉ ስም?»

ነገሯት።

«ዕድሜ?»

«ሰባ አንድ።»

«ሥራ?»

«ራዲያተር ጠጋኝ።»

«ጥርጣሬ ከወደቀበት ከኑሪ ጋር ያለዎት ዝምድና?»

ጋሽ ገብረጻድቅ የአንገታቸውን ማተብ በሁለት ጣታቸው ያዝ አደረጉ። ከዚያ ኑሪን አዩ።

«እሱን እሱ ይመልስልሽ» አሉ።

ኑሪ ከሰሌኑ ላይ ቀና አለ።

«አባቴ ናቸው።»

የዓይናለም እስክሪብቶ ቆመ። የኑሪን መታወቂያ ጋራዥ ውስጥ አይታዋለች፤ የአባት ስም ከድር ይላል። ቀና ብላ ሽማግሌውን ጠበቀች። ያስተባብላሉ ብላ ነበር።

ጋሽ ገብረጻድቅ ዐይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። «ተነሣና በዚያኛው ወገን አዙረው» አሉት ኑሪን። «ገና አልደረቀም።»

ኑሪ ተነሥቶ አዞረው። ዓይናለም «አባት» ብላ ጻፈች።